በሰው ስም የገባ ስለት

ለውድ ወንድሜ ሸምሰዲን እንድሪስ፣ ካለህበት ጅዳ ይድረስህ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ሸምሱየ እንዴት ነህ? እንደምን ከርመሃል? ያ ሲበርድህ የሚነሳብህ ጉሮሮህስ እንዴት ሆነልህ፣ ወይስ እዚያ ብርድ የሚባል ነገር የለም? ባለቤትህ ደህና ናት? በዓይናችን ያላየናት ሕፃንስ መሄድ ጀመረች? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ቆመን እንሄዳለን። ደብረ ማርቆስም ያው ናት፤ ዝናቡ ዘንድሮ ቸኩሎ ጭቃው ከአሁኑ ጫማ ያወልቃል። የእማየን ነገር ግን እደርስበታለሁ።

ይህን ወረቀት የያዘችልህ የጎረቤታችን የእትየ ታየች ልጅ የኔአለም ናት፤ ለእረፍት መጥታ ወደ ጅዳ ተመላሽ ናት። ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል እንዳትል። ስልክ ካነሳህልን ስንት ጊዜህ ነው? ልጄ ነጃት ብትደውል፣ እኔ በሰው ስልክ ብደውል፣ ገና ድምፃችንን ስትሰማ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ ሳትቀደው በፊት አንድ ሁለት መስመር ዓይንህ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

የተጣላኸን በላሊበላው መንገድ ነው። እንግዲህ እንዴት እንደሄድን ከኔ ከእህትህ ስማው። የመን ልትሻገር ጀልባ ላይ ወጣህ ተብሎ ወሬህ የጠፋ ጊዜ፣ እማየ እህል አልቀምስ ብላ ተኛች። እትየ ታየች ናቸው መጥተው፣ "በይ ተነሽ፤ ለላሊበላ ተሳይለት፣ ያሻግርልሻል" ያሏት። እማየም ተነስታ፣ ልጄን ከባሕሩ ካወጣልኝ መጋረጃ በእጄ አደርሳለሁ ብላ ተሳለች። በሳምንቱ ሳዑዲ፣ ጂዛን ገብቻለሁ የሚል ድምፅህ መጣ። ያን ቀን እልል ያለችውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ጦርነት መጣ፣ ስለቱ ዓመት በዓመት ላይ እያደረ እሷን እንደ እሾህ ይወጋት ጀመር።

ጥቅምት ላይ ሰላም ሆነ ሲባል አባየ ወደ መሸመኛው ጉድጓድ ተመልሶ ገባ። ዓይኑ ደክሞ ሸማ ከተወ የቆየ ሰው፣ ድሩ ሲበጠስ በጣቱ እየዳሰሰ እየቀጠለ መጋረጃውን ሠራው። ነጃት ደስ ብሏት ፎቶ አንስታ ላከችልህ። መዘዙ ከዚያ መጣ። ደውለህ ለእናትህ ያልካትን አልደግመውም፤ ወይ ስለቱን ወይ እኔን ምረጪ ማለትህን ግን ሁላችንም ሰምተናል። እሷ ምን እንዳለችህ ታስታውሳለህ? "ስለቱን የማደርሰው እኮ አንተን እንዳላጣህ ነው" አለችህ። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ።

ለገና መዳረሻ ሄድን፤ እማየ፣ አባየ፣ እኔ፣ ነጃትና እትየ ታየች። ባሕር ዳር አደርን፣ ከዚያ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና አድርገን ገባን። ወላሂ ሸምሱ፣ መንገዱ ላይ የከፋን ነገር አልነበረም። ተሳላሚው ሁሉ ጾመኛ ስለነበር የሥጋ ጣጣ እንኳ አልገጠመንም፤ ሽሮውን ከአንድ ትሪ በላን። አውቶቡሱ ሲቆም እማየ ሶላቷን እንድታደርስ እትየ ታየች የራሳቸውን ነጠላ ያነጥፉላት ነበር። አንዷ ተሳላሚ፣ "እማማ፣ ለኛም ጨምረው ይለምኑልን፤ ይሄ ሹፌር ሊጨርሰን ነው" ስትል መኪናው በሙሉ ሳቀ። እማየም ሳቀች። የሳቀችው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ላሊበላ ስንደርስ ሰዉ እንደ ጉንዳን ነው። ከድንጋዩ በላይ ቆመህ ቁልቁል ስታይ ያዞርሃል፤ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ቋጥኝ ወጥቶ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። አባየ እንኳ፣ "ይሄም ከጉድጓድ የወጣ ሥራ ነው" አለ። እኛ አልገባንም፤ ስለት ከሚቀበሉበት ደጅ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ አንድ ወጣት ዲያቆን መጋረጃውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ "ስመ ክርስትና ማን ልበል?" አላት። በጸሎት ለማንሳት ነው። እማየ፣ "ሸምሰዲን" አለች። "የክርስትና ስሙን ነው እማማ።" "እኔ ያወጣሁለት ይሄን ነው። በሌላ ስም ብትጠራው ሌላ ሰው ነው አቤት የሚልህ" አለችው። ከኋላችን አንዱ፣ "ላሊበላ ሰው አይሳሳትበትም፣ ይለፉ እማማ!" ብሎ ሰዉን አሳቀው። ዲያቆኑ ክፉ አልነበረም፤ ግራ ገባው። ሰልፉ ሲገፋን እትየ ታየች ፊት ወጣ ብለው፣ "በእኔ ይሁን፤ ወለተ ሰንበት ነኝ" አሉ። መጋረጃው ገባ። እማየ ባዶ እጇን እያየች ቀረች።

ስንመለስ ደብረ ታቦር ላይ እማየ ድንገት፣ "ታየች፣ ስለቱ ያንቺ ሆነ ማለት ነው?" አለች። እትየ ታየች፣ "ኧረ ተይኝ፣ ልብሽን ያውቃል" ቢሏት፣ "ልቤንስ ያውቀዋል፤ ልጄን ግን በስሙ አልጠራልኝም" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እኔ እማየ ልክ ናት ብዬ አልከራከርህም። የመስጊዳችንን ሼህ ሄጄ ጠይቄያለሁ። "ስለት ለአላህ ብቻ ነው፤ እናታችሁ ተሳስታለች" አሉኝ። ስልክ አለማንሳትህን ስነግራቸው ደግሞ፣ "በእናቱ ላይ ስልክ መዝጋትንስ ከማን ተማረው?" አሉኝ ፊታቸው ጠቁሮ። እንግዲህ የምትፈልገውን ፍርድ አገኘህ፤ የቀረውንም አብረህ ውሰደው።

አሁን ወደ እማየ ልምጣ። ከላሊበላ ከገባን ጀምሮ ድምፅህን እየጠበቀች ነበር። ቁጣው ይበርድለታል ብለን እኛም ጠበቅን። ሳትደውል ስትቀር ጊዜ በሌላ ተረጎመችው። "ስለቱ በሰው ስም ገባ፤ ልጄን የጠበቀልኝ የለም፤ ሞቷል፣ እናንተ ትደብቁኛላችሁ" አለች። የኔአለም እንኳ መጥታ፣ ሱቅ በር ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብላ ምላ ነገረቻት። "ልጄ አንቺም ልታጽናኚኝ ነው" አለቻትና ግንባሯን ሳመቻት። እኔ ቢጨንቀኝ እውነቱን አወጣሁት፤ አልሞተም፣ ተቆጥቶ ነው፣ እያወቀ ነው የሚዘጋው አልኳት። ምን እንደመለሰችልኝ ታውቃለህ? "ሸምሱ ይቆጣል እንጂ አይጨክንም። ዝም ካለኝ ሞቶ ነው።"

ይኸውልህ። ሞተ ማለቱ ቀልሏት ጨከነ ማለቱ ከብዷታል። ስንት ዓመት በናፍታሊን የያዘችውን ጋቢህን ባለፈው ጁምዓ ለሰደቃ ሰጠችው። አረፋ ሳይገባ ድምፁን ካልሰማሁ ድንኳን ትከሉልኝ፣ ለቅሶዬን ልቀመጥ ብላለች። አባየ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ መሬት ያያል። ጎረቤቱ መጥቶ አላህ ያጽናችሁ ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ? ደህና ነው፣ ጅዳ ሱቅ በር ላይ ቆሟል ልበል?

ይቅር በላት አልልህም፣ አትላትም። ደውልና ስደባት። ድምፅህ ይሁን እንጂ ስድቡን እሷ አትሰማውም።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኒቱን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። አባየ፣ በርታ ብሎሃል፤ ሌላ አልጨመረም። ነጃት ፎቶውን ባልላክሁ እያለች ስታለቅስ ከርማለች፤ በናፍቆት ትስምሃለች። ባለቤቴ ተማም ሰላም ይልሃል። እትየ ታየችም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔን ይቆጣኝ ብለዋል። እማየ ሰላምታ አልላከችም። ስጽፍ አይታኝ ለማን ነው አለች፤ ለሸምሱ አልኳት። ምን ልበልልሽ ብላት፣ "ለሞተ ሰው ዱዓ ነው እንጂ ሰላምታ አይላክም" አለችኝ።

እህትህ ሩቅያ እንድሪስ
ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.