ባለቤቴ ጉደታ ዛሬም ሥራ ገብቷል ስለመባሉ

ለክቡር አቶ ይበልጣል
የ“ወርቃማ ዛላ” ስንዴ አምራቾች ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ
አሰላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጭላሎ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ ቤተሰብዎም በያለበት ደህና እንዲውል ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሟች ጉደታ ባለቤት ኤፍራታ ነኝ። ለቅሶ ሊደርሱኝ በመጡ ቀን “ማኅበሩ ቤትዎ ነው፣ የከፋዎትን ይንገሩን” ስላሉኝ፣ ያንን ደግነት ተመርኩዤ ይህን በአደባባይ ልጽፍልዎ ደፈርኩ።

ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። ባለቤቴ የማኅበሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። አሰላ ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ፤ የኢተያና የሮቤ ቅርንጫፎች ሳይቀሩ ሠራተኛው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ካለው፣ ተርሚናል ከሚባል ስክሪንና ኪቦርድ፣ በየራሱ ስምና የይለፍ ቃል ወደዚያ ይገባል። ሥራ መግባት መቅረቱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ሁሉን የሚከፍተው፣ የተበላሸውንም የሚያቃናው የጉደታ ስም ብቻ ነበር። ባለፈው ክረምት የኢተያው ተርሚናል አላስገባ ብሎ እንዲጠግን ልካችሁት ሲመለስ፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተ። በቀብሩ ላይ “ጉደታ ከመካከላችን አይለይም” ሲሉ አልቅሻለሁ። ቃልዎን እስከዚህ የሚጠብቁ ሰው መሆንዎን ግን አላወቅሁም ነበር።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለዚሁ ነው። ኀዘኑ ጋብ ሲልልኝ፣ ወንበሩ ላይ የቀረውን ጃኬቱን ልወስድ መጣሁ። ንብረት ክፍል ያለው ሚፍታ ስሙን ነግሬው ኮምፒውተሩን አየና፣ ቀና ሳይል “ጉደታ ሥራ ላይ ነው፤ ጠዋት ገብቷል። ራሱ መጥቶ ይውሰድ” አለኝ። ወዲያው ቀና ብሎ ሲያየኝ ምስኪን፣ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ግን ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ዞር ብዬ በሩን አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ሌላ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ማስመጣቱ እየተጓተተ፣ ባለቤቴ ከሞተበት ቀን ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ፣ ወደ ኢተያ ሲሄድ ትቶላችሁ በሄደው የይለፍ ቃል፣ በስሙ ሲገባ መክረሙን የተረዳሁት እዚያው ቆሜ ነው። ከወዲያ ጥግ አንዲት ልጅ “የጉደታ ፓስወርድ ምን ነበር?” ብላ ጮኸች። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ አፍ “ቢፍቱኮ! ሳይነጣጠል!” አላት። ስንዴ ሊያስረክቡ የተሰለፉት ገበሬዎች ሳቁ።

በኦሮምኛ ፀሐዬ ማለት ነው። እኔን የሚጠራበት ስም ነበር። በር ከተዘጋ በኋላ፣ በተለይም ሳኮርፍበት፣ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚለው፤ እናቱ እንኳ ሰምተውት አያውቁም። ካረፈ ወዲህ ማንም አልጠራኝምና፣ የድምፁ ቃና እንዳይጠፋብኝ እየፈራሁ ነበር። ማኅበርዎ በየጠዋቱ እየጮኸ ሲጠራኝ መክረሙን ባውቅ ኖሮ ያን ያህል ባልተጨነቅሁ።

ሦስተኛውን እንደ በደል ልቁጠረው ወይ አልቁጠረው አላወቅሁም። ቢሮዎ ገብቼ ስሙን ዝጉልኝ ብዬ ስለምንዎ፣ “እህቴ፣ ስም ብቻ እኮ ነው፤ ስንዴው ገብቶ እስኪያልቅ ይታገሡ” አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ ስም ብቻ ነው። ለእኔም የቀረኝ እሱው ነው።

ስወጣ አንዲት ሠራተኛ፣ ማንነቷን አልነግርዎትም፣ እጄን ይዛ የጉደታ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። “እትዬ፣ በእርስዎ እጅ ይሁን” አለችኝ። ስሙን ጻፍኩ፤ ቀጥዬ የራሴን። “እንኳን ደህና መጡ፣ ጉደታ። ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት ዛሬ ጠዋት ነው” የሚል ጽሑፍ መጣ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ልጅቷም አላጣደፈችኝም። ኋላ እንባዬን ጠርጌ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩት፤ ዘግቼም ወጣሁ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ሊመጣ ያልቻለው ባለሙያም በማግስቱ ከአዲስ አበባ መድረሱን ሰምቼ፣ የገበሬው ስንዴ ደጅ ባለማደሩ ደስ ብሎኛል። ለካስ መንገዱ ያን ያህል ቅርብ ኖሯል።

በቤትዎ በቁልምጫ የሚጠራዎትን ሰው ዕድሜ ፈጣሪ እንዲያረዝምልዎ፣ ያም ስም ከደጃፍዎ እንዳይወጣ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ኤፍራታ ይስሃቅ
አሰላ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት የማኅበሩ ጥበቃ በሬን አንኳኩቶ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጠኝ። ለአቶ ጉደታ የተጻፈ ነው፤ “ያለፈቃድ ከሥራ ገበታዎ ስለቀሩ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል” ይላል። ፈርሜ ተቀብዬለታለሁ። ከሞተ ወዲህ አለመኖሩን ስታውቁለት ይህ የመጀመሪያው ነውና፣ እግዜር ይስጥልኝ።