ለክቡር ከንቲባችን፣ ስለ ገጽ ዐሥርና ስለ አንድ ባዶ ዘንግ

ለክቡር ዊልፍሪድ ስታልማንስ
የሊንደገም ከንቲባ
በያሉበት

ጉዳዩ፦ ኑዛዜ፣ ምስጋናና መጠነኛ እርማት ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ እንዲሁም ሪባን ሲቆርጡ ብቻ የሚታጠቁት ባለሦስት ቀለም መቀነትዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሕሊናዬን ላቅልል። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ፣ ባለፈው ወር ሁለተኛ እሑድ በአንድ ወፍ ቆጣሪ ዘንግ ላይ አሥራ አራት ሐሰተኛ የጠመኔ መስመሮች አስምሬአለሁ። በሊንደገም ከዚህ የከፋ ወንጀል እንደሌለ አውቃለሁ። የሰው ሚስት ያስኮበለለ እዚህ ሰላምታ አይነፈግም፤ ቪንክ የምትባለው ወፍ ሳትዘምር ዘመረች ብሎ በዘንጉ ላይ ያሰመረ ግን እስከ ልጅ ልጁ በጣት ይጠቆማል። ፍርዴን በትሕትና እየጠበቅሁ፣ ማዘጋጃ ቤታችን ስላሳተመው «ሊንደገም፦ ታሪኳና ጠባይዋ» ስለተሰኘው ውብ መጽሐፍ ጥቂት ቃላት እንድል ይፈቀድልኝ። በትምህርት ቤት ዕረፍት የማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጬ በሺህ ሁለት መቶው ቅጂ የእርስዎን የሰላምታ ካርድ የምከት እኔ ስለሆንኩ፣ ከአዘጋጆቹ ይልቅ ደጋግሜ ሳላነበው አልቀርም።

1. ገጽ አራት ላይ፣ ባዕድ ወታደሮች የቤተ ክርስቲያን ደወሎችን አቅልጠው መድፍ ሊሠሩ በመጡ ጊዜ አባቶቻችን ደወላችንን «በታላቅ ጥበብ» እንደደበቁት ተጽፏል። እውነት ነው። ጥበቡ የበዛ ስለነበር ቦታውን የሚያውቀው አንድ ደወል ደዋይ ብቻ ሆነ፤ እሱም ለማንም ሳይናገር በሳምንቱ ሞተ። ሊንደገም ስድሳ ዓመት የራሷን ደወል ስትቆፍር ኖራ፣ በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስምንት እርምጃ ርቀት ላይ አንድ የጉድጓድ ቆፋሪ አካፋ ደወለው። መጽሐፉ ይህን ዘመን «ስድሳ የጽሞና ዓመታት» ይለዋል። ስለ አገላለጹ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የሒሳብ ውጤቴን ለእናቴ ሳስረዳ ተጠቅሜበታለሁ።

2. ገጽ ዐሥር ላይ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ደወል ያጣው ሕዝባችን ማዳመጥን ተማረ። እስከ ዛሬ በየእሑዱ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን መንገድ በመደዳ ተቀምጦ፣ ከትንንሽ የእንጨት ሳጥኖች ውስጥ የሚዘምሩትን ቪንኮች ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆጥራል። ሊንደገም የሚያዳምጥ ሕዝብ ናት።» ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ብዕር፣ የቆጣሪዎቹ መደዳ ከቤተ ክርስቲያን መንገድ ተነሥቶ ከከተማ ውጭ ወዳለው አውራ ጎዳና ዳር፣ ወደ ስፖርት አዳራሹ ጀርባ እንዲሄድ የሚያዝ ረቂቅ ወጣ። ምክንያቱ፣ መንገዱ ለአንድ ሰዓት ሲዘጋ መኪናዎች እስከ ዳቦ ቤቱ በር ድረስ መድረስ አለመቻላቸው ነው። ከመንገዱ ጥግ እስከ ዳቦ ቤቱ ዘጠና እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ ቆጣሪ ሕዝብ ነን።

3. አዲሱ ቦታ ጸጥ ያለ ስለመሆኑ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ አቶ ዮሪስ እሑድ ጠዋት የድምፅ መለኪያ መሣሪያ ይዘው ወጥተው «ከመቃብር ስፍራ የማይተናነስ ጸጥታ» ብለው ጽፈዋል። ይህም እውነት ነው። ያን ዕለት አውራ ጎዳናው ለብስክሌት ውድድር ከንጋት ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ድንች ጥብስ ሻጩ ጋ ሰልፍ ላይ አግኝቻቸው፣ «አቶ ዮሪስ፣ ውድድሩ ትዝ አላለዎትም?» ብላቸው፣ «አንቺ ደግሞ፣ እንዴት ይረሳኛል? ቶሎ ለክቼ የሮጥኩት ለሱ አይደል፤ ዳገቱ ጋ ቦታ እንዳይያዝብኝ» አሉኝ።

ለሚቀጥለው ነገር አራተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። አያቴን ካሚልን ሕመም ቃላቸውን ከወሰደባቸው ሁለት ክረምት ሆነ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተነሥተው ጺማቸውን ይላጫሉ፣ ዘንጋቸውን ይዘው ይወጣሉ። ለአንድ ሰዓት ጠመኔዋ በእጃቸው ሳለች እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ባለፈው ወር ሁለተኛ እሑድ «ለሙከራ» ወደ አዲሱ ቦታ ሄድን። የጭነት መኪና በጭነት መኪና ላይ አለፈ። አያቴ ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አስጠጉ፣ ከዚያ ሳጥኑ ላይ ለጠፉት። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሲዶኒ፣ «ተዋቸው ካሚል፣ ወፎቹም የምክር ቤት አባል ሆነዋል መሰለኝ፤ ተቀምጠው ይውላሉ፣ ድምፅ የላቸውም» አሉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሃምሳ ስምንት ዓመት የቆጠሩት ሰው ዘንግ አንድም መስመር ሳይሰመርበት ጥቁር እንደሆነ ነበር።

ወንበራቸውን ሲያጥፉ አሥራ አራቱን መስመር ያሰመርኩት ያኔ ነው። አዩት። እኔንም አዩኝ። ከዚያ በኮታቸው እጅጌ አንድ በአንድ አጥፍተው ባዶውን ዘንግ መስመሮቹን ለሚቆጥረው ዳኛ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ሦስት እሑድ አልፏል፤ ጺማቸውን አልተላጩም።

ክቡርነትዎ እኚህን ሰው ሳያውቋቸው አይቀሩም። አባትዎ ናቸው። የዘንግ አያያዝም ያስተማሩዎት እሳቸው ናቸው፤ እናቴ እንደምትለው ተማሪው ከጎበዞቹ አንዱ ነበር።

ስለዚህ ሐሙስ ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ መደዳው በቤተ ክርስቲያን መንገድ እንዲቆይ እጅዎን እንዲያወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የማይቻል ከሆነ፣ ገጽ ዐሥርን ከሺህ ሁለት መቶው ቅጂ አንድ በአንድ ለመገንጠል ዝግጁ ነኝ።

ለዳቦ ገዢዎች ጉልበት ስላሳዩት ርኅራኄ ከልብ እያመሰገንኩ፣ መቀነትዎ እንዳይጠብዎት፣ ጆሮዎም እንዳይደነዝዝ በመመኘት፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የምድር ቤትዎ ሠራተኛና የእኅትዎ ልጅ

ግልባጭ፦
ለሊንደገም ነዋሪዎች በሙሉ፣ በየመጽሐፉ ገጽ ዐሥርና ዐሥራ አንድ መካከል

ሳልረሳው፦ ሌላም ኑዛዜ አለኝ። ይህ ደብዳቤ የተባዛው በማዘጋጃ ቤቱ ማሽንና በማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ነው። ይህችን መስመር በእጄ የምጨምረው በመጨረሻው ቅጂ ላይ ነው። ማሽኑ ልክ እንደ አዲሱ ቦታችን ነው፤ እሱ እየጮኸ ከኋላ ሰው ይምጣ አይምጣ መስማት አይቻልም። አቶ ዮሪስ ቢለኩት ጸጥ ያለ ነው ይሉ ነበር። አሁን ወረቀት ጨርሶ ቆመ። በሩ ላይ የቆመ ሰው አለ፤ ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱን ይዟል፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሷል። ቀና ብሎ ጠራኝ፤ እንደ ከንቲባ ሳይሆን፣ መደዳው አጠገብ ወፎቹ እንዳይደነግጡ እንደምንነጋገረው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ሚርተ።»