ሴጋህ የምትባለው ድምፅና የልጅህ ጣት

የኔ ጌታ አያሌው፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ አስመታሁት፤ ዝናብ ሲጥል ሰው የሚለው አይሰማም፣ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር። ልጃችን ስመኝ ማሲንቆህን ከግድግዳ አውርዳ ትመታዋለች።

ዱባይ ሳለሁ የምሠራላቸውን፣ ያወራሁልህን ኢራናዊት አሮጊትና ጎረቤታቸውን ቱርክ ልብስ ሰፊ ታስታውሳቸዋለህ? ሁለቱም ሴጋህ የሚሉት ዜማ አላቸው፤ ሦስተኛ ቦታ ማለት ነው፣ በሦስተኛዋ ድምፅ የተጠራ። ስሙ አንድ ነው፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ግን ለየቅል። ቱርኩ ያቺን ድምፅ ከፍ ያደርጋታል፣ አሮጊቷ ዝቅ ያደርጓታል። እሱ ከአንዱ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ዘጠኝ እርከን ይቆጥራል፤ እሳቸው ጆሮ እንጂ ቁጥር አያውቀውም ይላሉ። አንድ አርብ በስልኬ የቀዳሁትን ማሲንቆህን ባሰማቸው ጠጋ ብለው አዳመጡ። ከዚያ ቱርኩ «ይህማ የእኛ ነው!» አለ። እሳቸው «ድንቄም! የእኛ ነው እንጂ!» አሉ። ስመለስ ብነግርህ በሳቅ ፈርሰህ «ታዲያ የእኛን ደብረ ታቦር ማን ይውሰዳት?» አልኸኝ።

ያን ቀን አብሬህ ሳቅሁ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅሁህም። ዱባይ ሳልሄድ፣ ሐሙሲት ሠርግ ላይ ከኪቦርድ ጋር ስትጫወት «ጣትህ ይስታል፣ አዋረድኸኝ» ብዬህ ነበር። ማሲንቆህን በጋቢህ ጠቅልለህ መኪና ውስጥ ገባህ።

ዘንድሮ ስመኝ ለባህል ቡድን ስትፈተን የቡድኑ ኪቦርድ ተጫዋች ያንኑ አላት። «ሦስተኛዋ ድምፅሽ ትወርዳለች፤ አስተካክለሽ ነይ።» አልቅሳ መጣች። ሳምንት ሙሉ ማሲንቆው ላይ ጣቷን ወደ ኪቦርዱ ድምፅ ስትገፋ ሰማሁ፤ ዜማው ያንተ፣ ለዛው ግን የማንም አልነበረም። አላስቻለኝም። ነጠላዬን ለብሼ፣ ስመኝን አስከትዬ ወደ ሰውየው ሄድሁ።

«ወንድሜ፣ ልጄ አልሳተችም። እሷ የምትነካው ቦታ ላይ ያንተ ኪቦርድ ቁልፍ የለውም» አልሁት።

ሳቀብኝ። እኔ ግን ዱባይ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ኪቦርዱ ላይ አንዷን ድምፅ ብቻ ለይቶ ዝቅ ሲያደርግ አይቻለሁ። «ያንተም ይኖረዋል፣ ፈልግ» አልሁት። ለይሉኝታ ያህል ይነካካ ጀመር፤ አገኘው! ስመኝ ደጋኗን ሳበች። ኪቦርዱ ተጠጋት እንጂ አልደረሰባትም። ሰውየው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ደጋግሞ አስመታት። በኋላ እጁን አነሣና «እዚህ ላይ እኔ ዝም ልበል፣ ብቻዋን ትምታው» አለ።

ቡድኑ ተቀበላት፤ ባለፈው እሑድ አንበሳሜ የሚጫወቱበት ሠርግ ነበራቸው። እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ኪቦርዱ ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ ከዳሱ ጥግ ብድግ ብለው «ይቺ የአያሌው ልጅ ናት!» አሉ፤ ማንም አልነገራቸውም። እኔ እልል ልል አፌን ብከፍት እንባዬ ቀደመኝ፣ ከዚያ እልልታውም መጣ።

አያሌው፣ ጣትህ አልሳተም። አርፍጄም ቢሆን ይኸው አልሁህ። ከእንግዲህ ሰው ስላንተ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምናገረው ይህንን ነው፤ ለልጅ ልጆቻችንም እንዲሁ፣ እኔም ወደምትገኝበት እስክመጣ።

ባለቤትህ ዝናሽ