ጋራዡ አናጢ ቤት ሲሆን

ጥቅምት 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

እሁድ። ልብስ አጠብኩ። ባለቤቴ ቢተው ጋራዡን ጠረገ። መኪናዋን ከሸጥናት ወዲህ የድመት መዋያ ሆኗል።

አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ጉልበታቸውን ታመው ከእንጨት ሥራ ማኅበሩ ከወጡና እኛ ዘንድ ከመጡ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። መሣሪያቸው በጆንያ እንደታሰረ አልጋ ሥር አለ።

«ጋራዡ ውስጥ ለምን አይሠሩም?» አልኳቸው።

«መቆም ሳልችል ምን ልላግ?»

ተቀምጦ መላግ አይቻልም እንዴ? ማን ከለከለ?

ጥቅምት 12

ከመርካቶ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ አመጣን። የመሥሪያ ጠረጴዛ እየሠራሁ ነው... እኔ! በልጅነቴ አጠገባቸው ሆኜ ያየሁትን እጄ አልረሳውም። ከወንበር ጋር እንዲስማማ ዝቅ አደረግኩት፤ ጉልበት ከሥሩ እንዲገባ። ቢተው በጓሮ በኩል መስኮት ከፈተ።

አባባ ከበረንዳ ሆነው ይጮሃሉ፤ «መጋዙን አትጫኚው! ራሱ ይሂድ!»

ደስ አለኝ። ከጮሁ ስንት ጊዜያቸው?

ጥቅምት 19

መጋዙን፣ መሮውን፣ መላጊያውን ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀልንላቸው፤ ተቀምጠው እጃቸው ከሚደርስበት። ሲሚንቶው እግራቸውን እንዳያቀዘቅዝ ወለሉ ላይ ጣውላ አነጠፍን።

ገብተው ተቀመጡ። ጠረጴዛውን ነቀነቁት። ንቅንቅ አላለም። መላጊያውን አወረዱ። ለምሳ እንኳ ጠርተናቸው በስንት ልመና ወጡ።

ጥቅምት 24

ጓድ ጉግሳ ከቀበሌ መጣ። «ባዶ ክፍል እንዳላችሁ ተነግሮናል። ለመጋዘን እንፈልገዋለን። ነገ ኮሚቴው አይቶ ይወስናል።»

«ባዶ አይደለም» አልኩ።

ለአባባ ልንገራቸው? ልተወው? ነገርኳቸው። መሮአቸውን መሳል ቀጠሉ።

ጥቅምት 25

ሦስት ሆነው መጡ። አባባ አልተነሱም፤ መላጋቸውንም አላቆሙም። ጉግሳ ጠረጴዛውን ዳሰሰው።

«ተቀምጠው ነው የሚሠሩት? እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ማን ሠራልዎት?»

«ምንትዋብ። ልጄ። አናጢ ናት።»

አናጢ! ታይፕ ስመታ የምውለው እኔ? እንባዬ እንዳይታይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ጉግሳ ከሌሎቹ ጋር በር ላይ ተንሾካሾከ። ከዚያ... «አባት፣ የቀበሌው አዳራሽ አግዳሚዎች ተሰባብረዋል። ብናመጣልዎት ይጠግኑልናል?»

«አምጧቸው።»

«እንግዲያው መጋዘኑን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» ብሎ ወጣ።

ቢተው ሳቀ።

ኅዳር 3

አግዳሚዎቹ ተጠግነው ሄዱ። አባባ እራት ላይ ጨምሩልኝ አሉ።

ኅዳር 24

ሰፈሩ ሁሉ የተሰበረ ወንበሩን ተሸክሞ ወደኛ ይመጣል። «የአቶ ረታ ቤት የት ነው?» እያሉ። በአባባ ስም የሚጠሩት የኛን ቤት ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋራዡ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አየሁ። አዲሱ ረጅም ነው።

«አባባ፣ ይኼ ለእርስዎ አይረዝምም?»

ቀና እንኳ አላሉም። «እኔ ምን አቆመኝ? ያንቺ ነው። በመስኮቱ በኩል ቦታሽን ያዢ።»

የእሁድ ቀሚሴን ሳልቀይር መላጊያ አነሳሁ።