የበረንዳው ምንጣፍ

አልታየች፣

ወደ መዘዞ የሚሄደው መኪና ሊነሳ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለሺ አልጠበቅኩሽም።

የሳሎኑ ምንጣፍ ጫፉ ከተነሳ የአናጢውን ሙጫ አሙቀሽ ለጥፊው። ጣሳው አልጋዬ ሥር አለ።

ለበረንዳው ግን እሱን እንዳትነኪ። ውርጭና ጤዛ ሲያገኘው ይለቃል። ለደጅ የሚሆነው ጎሚስታው የሚሸጠው የጎማ ሙጫ ነው። የበረንዳውን ወለል ድንጋይ ፀሐይ መትቶት ሲደርቅ፣ ድንጋዩንም ምንጣፉንም ቀቢና ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው ተጫኚው።

ይህን ጠይቄ የተረዳሁት እናትሽ በረንዳው ላይ በወደቁ ማግስት ነው። የበረንዳውን በአናጢ ሙጫ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አንቺም ማን እንደለጠፈው አልጠየቅሽኝም።

ወጌሻው ሲያሻቸው «እግሬ ከዳኝ» እያሉ ሲያለቅሱ፣ አጠገባቸው ቆሜ ለብ ያለ ውሃ አቀብል ነበር።

እግራቸው አልከዳቸውም። ንገሪያቸው።

እናናየሁ