የወጌሾች ጉባኤና የጀምበሩ ክንድ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለአባቴ ለአቶ ውባንተ፤ ገዳሪፍ።

እንደምን ሰነበቱልኝ አባየ? የዚያ አገር ሐሩር እንዴት አድርጎዎታል? ጉልበትዎስ በረታልዎ ወይ? እማየ እንደምን አሉ? ያ ሳል ለቀቃቸው? እኅቴ አሰበችስ እንዴት ናት? ዐረብኛውን እንደ ውሃ ጠጣችው ሲሉ ሰማሁ፤ አማርኛዋን እንዳትጥል አደራ። እኔ ልጅዎ አገኘሽም፣ ወንድሜ ጀምበሩም፣ አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነን።

ይህን የሚጽፉልኝ የጦር ሰፈራችን ቄስ ናቸው። የምናገረውን ሁሉ እንዳለ እንዲያሰፍሩት ለምኛቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መግል የሚለው ቃል ለደብዳቤ አያምርም ብለው ገና ከጅምሩ ተከራከሩኝ። አባቴ ወጌሻ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት የኖሩትን ነው የማወራላቸው ብያቸው በግድ እሺ አሉ።

የጀምበሩ ክንድ ተቆረጠ የሚል ወሬ በነጋዴ አፍ ደርሶዎ ቤቱ ሁሉ ለቅሶ እንደ ነበር ከእናንተ ወደ እኛ የሚመላለሰው ነጋዴው ሐሚድ ነገረኝ። አልተቆረጠም አባየ፤ አይዘኑ። ሊቆረጥ ግን ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ያወጡኝን ሰዎች እንዲያውቋቸውና እንዲመርቁልኝ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የማስጽፈው።

በኅዳር የእኛ አርበኞች ከመተማ የሚወጣውን የጣሊያን ስንቅ መንገድ ላይ ሲጠብቁ ጀምበሩን ቀኝ ክንዱን ጥይት መታው። እኔም እርስዎ እንዳስተማሩኝ አጥንቱን አቃንቼ በቀርቀሃ ስንጥር ጥብቅ አድርጌ አሰርሁት። እስኪገጥም አይፈታም የሚለውን ቃልዎን ጠበቅሁ። አጥንቱ መያዝ ሲጀምር ቁስሉ እምቢ አለ። ሳልፈታው ስተው ይሸታል፤ ለማጠብ ስፈታው አጥንቱ ይንቀሳቀሳል። በገና ሰሞን ጣቶቹ ሁሉ አበጡ። ከጦርነቱ በፊት ከፈረንጆች ዘንድ ቁስል ማከም የተማረው የሰፈሩ አካሚ አየውና ከክርኑ ላይ ካልተቆረጠ ልጁን እናጣዋለን አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እስከ ወጌሾች ጉባኤ ድረስ ታገሠኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ቀንም አልጨምርም አለኝ።

ጉባኤው እንዴት ያለ ነው ይሉኝ ይሆናል። የጥይት ቁስል ከሁሉም ወጌሻ አቅም በላይ ስለ ሆነ የጦር አለቃችን ከአርማጭሆም፣ ከቋራም፣ ከመተማም ያሉ ወጌሾች በጥር ከሳንጃ በታች ወንዝ ዳር ይሰብሰቡ፣ ያላቸውን ይመካከሩ ብለው አዘዙ። ጉባኤ የካህንና የሹም ነው ሲባል እንጂ የወጌሻ ሲሆን እኔ ሰምቼ አላውቅም። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ፤ የሥጋው ድስት ለየብቻ፣ ጥላው አንድ ሆነ። እኔ በእርስዎ ምትክ ጀምበሩን ይዤ ሄድሁ፤ ከሴት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ከሁሉም ስማቸው የገነነው የቋራው አያ ሸጋው ነበሩ። እኔም ጊዜ የለኝምና ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ብድግ ብዬ፣ መግል አልደርቅ ላለው ክንድ መድኃኒትዎ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ መሬት መሬት ያያል፣ አንዱ ጺሙን ይነካካል። አያ ሸጋውም ማርያም ትማርልሽ አሉኝና ወሬውን ወደ ሌላ መለሱት። መድኃኒት በአደባባይ ከተነገረ ይረክሳል እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ የወንድሜ ክንድ አስረስቶኝ እንጂ እኔስ መች አጣሁት! ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉኝ ነበር፤ አጠያየቅ የማያውቅስ ምን ይቀርበት ይሆን እያልሁ ራሴን ስረግም ዋልሁ።

በማግሥቱ ሰው ሁሉ አያ ሸጋውን ከቦ እኔ መጠጊያ ሳጣ፣ ከዳር ብቻቸውን ቀርቀሃ የሚሰነጥቁ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ሼህ ኸሊፋ ይባላሉ፤ የመተማ ሰው ናቸው፣ በወዲያ ማዶ በገላባትም በሲር እያሉ ይጠሯቸዋል፤ እንደኛው ወጌሻ ማለት ነው። መድኃኒት ሳልጠይቅ ቢላዋዬን አውጥቼ አብሬያቸው መሰንጠቅ ጀመርሁ። የስንጥሩን ጠርዝ ሥጋ እንዳይበላ እርስዎ እንደሚያደርጉት በርጥብ አሸዋ ስፈገፍገው እጄን አዩና፣ በዐረብኛቸው ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረሽ አሉኝ። አባቴ አልኋቸው። እኒያን ሰውዬ ባገኛቸው እጃቸውን እስም ነበር አሉ። አባየ፣ ያን ጊዜ ደረቴ ምን ያህል እንደ ሰፋ ብነግርዎ አያምኑኝም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀለለ። አንቺ አንድ የምታውቂውን አሳዪኝ፣ እኔም አንድ አሳይሻለሁ አሉኝ። የወለቀ ትከሻ የምንመልስበትን አሳየኋቸው፤ እንዴት እንደ ሆነ እርስዎ ያውቁታል፣ ቄሱ አጠገቤ ስላሉ አልዘረዝረውም። እሳቸው ደግሞ የሚሰነጥቁትን ሰጡኝ፤ ቁስሉ በሚያርፍበት ላይ መስኮት የተተወለት ስንጥር ነው። አጥንቱ እንደ ታሰረ ይኖራል፣ ቁስሉ ግን በመስኮቱ በኩል በየቀኑ ይታጠባል። አይቆጡኝ አባየ፤ የእርስዎ ሕግ ከበቅሎ ለወደቀ ደግ ነው፤ ጥይት ግን ሌላ ጠባይ አለው።

ጀምበሩን ሲያዩት ደግሞ አሸተቱት፣ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ተጫኑና፣ ሥጋው አልበደለም፣ ውስጡ የሞተ አጥንት አለ አሉ። እሳቸው ያወጡልኛል ብዬ ስጠብቅ ቢላዋውን ለእኔ ሰጡኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ደግሞም እኔ ነገ ወደ አገሬ ነኝ፣ ከወንድምሽ ጋር የምትቀሪው አንቺ ነሽ አሉኝ። ቢላዋውን እሳት አስነክተው፣ በፈላ የጨው ውሃ እጄን አሳጥበው ከጎኔ ቆሙ። ስቸኩል ቆይ ይላሉ፤ ስዘገይ ቀጥይ ይላሉ። ከሸሚዙ ክር ጋር የተጣበቀች የስንዴ ፍሬ የምታህል አጥንት ወጣች። ጀምበሩ ቀበቶውን ነክሶ የሰደበኝን ስድብ ቄሱ አልጽፍም ብለዋል።

ጉባኤው ሲበተን አያ ሸጋው ለብቻዬ ጠርተውኝ፣ ልጄ፣ ያን ዕለት ለብቻ ብትመጪ እነግርሽ ነበር ብለው መግል የሚያደርቀውን ቅጠል ስም በጆሮዬ ነገሩኝ። ሼህ ኸሊፋ ደግሞ አልተዉኝም፤ ሐሚድ በገበያ በመጣ ቁጥር ቁስሉ ምን ይሸታል፣ ጣቱ ይታጠፋል ወይ ብለው ይልካሉ፤ እኔም የሆነውን እልካለሁ። ስሳሳት በሐሚድ ፊት ይቆጡኛል አሉ፤ ቁጣቸውም ደስ ይለኛል። አካሚውም የጣቶቹ እብጠት ሲጎድል አይቶ መቁረጡን ተወው፤ አሁን የተሰበረ ሲመጣበት ወደ እኔ ይልካል፣ መስኮቷን አሳይቼዋለሁ። ሼህ ኸሊፋ ስለ ዳሌ አጥንት የሚጠይቁዎ አለ፤ በደብዳቤ አይመልሱ፣ እሳቸው ራሳቸው ሐሚድን ተከትለው ገዳሪፍ ይመጣሉ። እንደ ወንድምዎ ይቀበሏቸው፤ ባለውለታችን ናቸው።

ለእማየ እግራቸውን ስሜያለሁ በሉልኝ። አሰበችን ጉንጯን ሳሙልኝ። ያስጠጓችሁን ባለ ቤቱን ሷሊህንና ባለቤቱን ዋሲላን እግዜር ይስጥልን በሉልኝ። በጸሎትዎ ያስቡን፣ ምርቃትዎም አይለየን።

ልጅዎ አገኘሽ ውባንተ
ታች አርማጭሆ፣ ከሳንጃ በታች
መጋቢት ፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

አባየ፣ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው እኔ ጀምበሩ ነኝ፤ በቀኝ እጄ ነው። ፊደሉ ተንጋዷል፣ ድሮም ቆንጆ አልነበረም። ቄሱ ደከመህ፣ ብዕሩን አምጣ ይሉኛል፤ አልሰጥም ብያለሁ።