እንግዳ ሲመጣ ወደ ሜዳ የሚወጡ ልጆች

ውድ መምህሬ፣

«ውድ» ያልኩዎት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ እንዳይመስልዎት።

መልእክትዎ ደርሶኛል። ለተግባር ትምህርት እኔ ጋ የላኳት እጩ መምህርት ባለፈው ሳምንት እርስዎ ባሉበት በክፍሌ ያስተማረችው ትምህርት «ለሌሎች አርአያ» ስለሆነ፣ ሰኞ ባልደረቦችዎን ይዘው ሊመጡ ነው። «ክፍሉን እንደ ባለፈው አዘጋጂልኝ» ይሉኛል ደግሞ፣ ዓይንዎን በጨው ታጥበው! አይ እርስዎ!

የማስተማር ዘዴ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ተማሪን የሚያሳትፍ ትምህርት ምን እንደሆነ ከወረቀት እያነበቡ ሲያስጽፉን ይውሉ ነበር። አንዷ ጓደኛችን እጇን ብታወጣ «ዝም ብለሽ ጻፊ! ጥሩ መምህር ተማሪውን ያናግራል» አሏት። ጻፍነዋ፣ ምን እናድርግ። ጥያቄ በመጨረሻ ነው ይሉን ነበር፤ በመጨረሻ የሚመጣው ግን ደወሉ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ያ ዘዴዎ አሁን ክፍሌ ድረስ ገባ። እጩዋ ምስኪን ናት፤ ውጤቷ በእጅዎ ስለሆነ ያዘዟትን አደረገች። አንዱን የክፍልፋይ ትምህርት ከልጆቹ ጋር ደጋግማ ተለማመደች፤ ማን እጁን እንደሚያወጣ፣ ማን ተሳስቶ ማን እንደሚያርመው ሳይቀር። ቲያትር ነው እኮ! በልምምዱ መሀል፣ ከጥያቄዋ ብዛት «ለምን» ብለን የምንጠራት ልጅ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ አራት ከሁለት ይበልጥ የለ? ታዲያ አንድ አራተኛ ለምን ከአንድ ሁለተኛ አነሰ?»

እጩዋ መልሱ ጠፋትና እርስዎ ጋ ደወለች። «እንደዚህ ዓይነቶቹን እኔ በምመጣበት ዕለት ኳስ ሰጥተሽ ወደ ሜዳ አውጫቸው» አሏት። እኔ ያን ቀን ስብሰባ ተጠርቼ ስለነበር ይህን የነገረችኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፣ እያለቀሰች። ለካ «ለምን»ና ሌሎቹ ጠያቂ ልጆች ውጭ ኳስ ሲያንከባልሉ፣ እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው የተሸመደደ መልስ እየሰሙ ራስዎን በደስታ ይነቀንቁ ነበር።

በማግስቱ «ለምን» ከትምህርት ቤት ቀረች። ቀጥሎ እናቷ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩን እንኳ ከአንገቷ አላወረደችውም።

«የኔ እህት፣ ልጄ ‹እንግዳ ሲመጣ የምደበቅ ነኝ› አለችኝ። ምን ልበላት? እኔው ጋ ስፌት ትማር፣ ይሻላታል።»

«ኧረ በፈጠረሽ፣ ትንሽ ታገሺኝ!»

«እኔማ እታገስ ነበር። እሷ ናት እንቢ ያለችው። ‹ያ እንግዳ ሲመጣ ውስጥ የምቀመጥ ከሆነ ብቻ ነው የምሄደው› ብላለች።»

ደሜ ፈላ። ንቄዎታለሁ፣ መምህሬ። በአንቱታ ነው የምናገረው፣ ግን ንቄዎታለሁ። አለማወቅ አያስንቅም፤ እኔም የማላውቀው መዓት ነው። ልጅ ጠየቀች ብሎ ከክፍል የሚያስወጣ ሰው ግን የማስተማር ዘዴ አስተማሪ ነኝ ሲል ትንሽ እንኳ አያፍርም?

ስለዚህ ሰኞ ይምጡ። ባልደረቦችዎም ይምጡ፣ ደስ ይለኛል። እጩዋ አታስተምርም፤ እኔም አላስተምርም። የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት፤ ርዕሰ መምህሩም ተስማምተዋል። የአራተኛ ክፍል ክፍልፋይ ነው፣ ለእርስዎ ምን አላት! እኛ ከኋላ ተቀምጠን እናያለን። አንድም ልጅ ወደ ሜዳ አይወጣም። «ለምን» ትናንት ቤቷ ሄጄ ቃል ስለገባሁላት ትመጣለች፤ የፊት ወንበር የእሷ ነው። ያቺን ጥያቄዋን ዳቦ ቆርሼ አሳይቼ መልሼላታለሁ። አሁን ሌላ ጥያቄ ይዛለች። ምን እንደሆነ አልነግርዎትም፤ ልምምድ የለም።

ሥራ በዛብኝ ብለው ቢቀሩ ግን አልዋሽልዎትም። «አይዞሽ፣ ዛሬ የተደበቀው እንግዳው ነው» እላታለሁ።

ዝም ብላ የጻፈችው ተማሪዎ